የጎመን ምንዛሪ

ዶላር እኛ ሰፈር የገባው በጎመን በኩል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ዓርብ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሰኞ 74 ገባ፤ ወር ሳይሞላውም መቶን ዘለለ። በቴሌቪዥን ባለከረባቶቹ «ማክሮ ኢኮኖሚ» ሲሉ ከረሙ። እኔ ጉልት ወረድኩ።

«እትዬ፣ ጎመኑ ጨመረ እንዴ?»

«ዶላር ጨምሮ ነው፣ ልጄ።»

እስሩን አገላብጬ አየሁት። የአቃቂ ጭቃ አገዳው ላይ ገና አልደረቀም፤ ፓስፖርት ያለው ጎመን አይመስልም። «ይኼ ደግሞ ከዶላር ጋር የት ተዋወቀ?» አልኳቸው።

እትዬ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው አስረዱኝ። ጎመኑ ማዳበሪያ ይበላል፤ ማዳበሪያው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ይመጣል። ከወንዙ ውኃ የሚስበው ሞተር ናፍጣ ይጠጣል። ጎመኑን ጭኖ የሚመጣው አይሱዙም ይጠጣል፤ ጎማውም የውጭ ነው። «ይኼ ሁሉ ቢቀር እንኳ» አሉ መፋቂያውን ወደ ቦታው እየመለሱ፣ «እኔ ማታ ዘይት እገዛለሁ። ጎመኑን ሳልጨምር ዘይቱን በምን ልግዛው?»

ከባለከረባቶቹ አንዳቸውም እንዲህ አድርገው አላስረዱኝም። ተሸንፌ ከፈልኩና «በሉ ይመርቁልኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ዶላሩ ይመርቅህ!»

ከጭማሪው ይልቅ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ዋጋ ድሮም ሲወጣ ነው የኖረው፤ በላዩ ጣል የምትደረገው ሁለት ቅጠል ግን መንግሥት መጣ መንግሥት ሄደ አትቀርም ነበር።

አጎቴ ደርግ ላይ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም እንደነበረ፣ 5 ብር የገባውም ከደርግ በኋላ በ1985 እንደሆነ በየበዓሉ ይነግሩናል። ሲናገሩ ለሰማቸው ያን ጊዜ ኪሳቸው በዶላር ተሞልቶ የነበረ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ዶላር ኪስ ውስጥ መገኘቱ ራሱ መዘዝ ነበር፤ ይኼን ሳነሳባቸው ጠጅ ይቀዱልኛል።

አክስቴ ደግሞ ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው። ከሐምሌ በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ገደማ ስለነበር የሚልክላቸው ገንዘብ በየት በየት ዞሮ እንደሚደርስ አይጠየቅም ነበር። ድሮ ሲደውል «በላህ ወይ? በረደህ ወይ?» ነበር የሚሉት። አሁን «ዛሬ ስንት ገባ?» ይቀድማል። ልጁም እንደ ባንክ ገዥ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚመልሰው። ብርዱ የሚነሳው ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ያውም ከተረፈ።

ጎመኑስ ይሁን፣ ዶላር ስለሚበላ ጨመረ። ቡናስ? ዶላር የሚያመጣልን እሱ አይደለም እንዴ? እሱም ጨመረ። ላኪው ውጭ ሸጦ ድሮ ከሚያገኘው ብዙ ብር ካገኘ፣ ለእኔ ጀበና ሲል በድሮው ዋጋ የሚሸጥልኝ ምን ዕዳ አለበት? እንግዲህ ዶላር የሚበላውም ጨመረ፣ የሚያመጣውም ጨመረ። የማይበላውም የማያመጣውም የእኔ ደመወዝ ነው፤ እሱ ዜናውን የሰማም አይመስለኝ።

ይኼን ሁሉ ሰንቄ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ማዳበሪያውን፣ ናፍጣውን፣ አይሱዙውን በእትዬ ቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ዘይቱን እንኳ አልዘለልኩም። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልክ ብለሃል» አሉ። «እኛ ግን የምንሠራው በብር ነው። ዶላር አይነካንም።»

ፊቴን አይተው መሰለኝ ጸሐፊያቸውን ጠሩ። «እስቲ ለዚህ ልጅ ቡና አምጪለት።»

ጸሐፊዋ በሩን ይዛ ቆመች። «የቢሮ ቡና ቀርቷል እኮ፣ ጋሼ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል።»