አባባ በጆርናል ወጡ

አባባ በሕይወት ዘመናቸው ከእድር መዝገብ ሌላ የጻፉት ነገር የለም። ዘንድሮ ግን በሦስት ጆርናል ተጠቅሰዋል። ሌሊት ያነጋሁት እኔ፣ ስሙ የእሳቸው! ፈረንጅ ሪፈረንስ ሲደረድር የቤተሰብ ስም ያስቀድምና የራስን ስም በአንዲት ፊደል ያሳጥረዋል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለማ፤ አባባ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ፊደልና ነጥብ ሆኜ እከተላለሁ። የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች ብልጥ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን እነሱ ዘንድ «ባሕሩ» ብላችሁ ነው የምታገኟቸው። ለአባባ ጉዳዩን ባስረዳቸው፣ «ታዲያ አበል የለውም?» አሉኝ።

በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ይህ የሪፈረንስ ጣጣ እንዲቀል ብለው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ተሰበሰቡ አሉ፤ ስልቱም በከተማዋ ስም ቀረ። ቀለለ? የቢሮ ጓደኛዬን ጠይቁት። 47 ሪፈረንስ በእጁ ቁጥር ሰጥቶ ሲጨርስ፣ ሪቪወሩ «ይቺን ጨምር» አለው (የራሱን ጽሑፍ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል)። የምትገባው ሦስተኛ ላይ! ዞቴሮ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ቁጥሩን በራሱ እንደሚያስተካክል ብነግረው፣ «እሱን ለመማር ጊዜ የለኝም» ብሎ ሁለት ሌሊት ቁጥር ሲገፋ አደረ።

ጆርናሉ መለሰበት። ሌላው ጆርናል ደግሞ ኤፒኤ የሚባለውን ስልት ነው የሚፈልገው። ቫንኩቨር ስድስት ደራሲ ይጠራና የቀሩትን «እና ሌሎች» ብሎ ይገላገላቸዋል፤ ኤፒኤ በሰባተኛው እትሙ እስከ 20 ሰው በስም ካልተጠራ አይሆንም ባይ ነው፣ ልክ እንደ ለቅሶ ምስጋና። ጓደኛዬ ባለፈው ወር የሰረዛቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሲለምን ከረመ።

እኔስ? በ2015 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እንዳለ አስገባሁ። «ምንጭሽ አርጅቷል» ተባልኩ። ዓ.ም. የእኛው መሆኑን ሳልጽፍ አዲሱን መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት አስረጀሁት።

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ጽሑፍ ወጣ። መግቢያውን ማን ያነባል? በቀጥታ ወደ ኋላ ሄጄ በስሜ ፊደል ፈለግሁ፤ የለሁም። ተቀይሜ ዘጋሁት። ምሳ ላይ ትዝ ብሎኝ በአባባ ፊደል ስፈልግ ግን አሉ! ከጎናቸውም «ኤም» አለች። እህቴም ተመራማሪ ናትና ልኩራራባት ደወልኩ። ስሟ እንደ እኔው በ«ኤም» እንደሚጀምር ረስቼዋለሁ።

«አይቼዋለሁ» አለችኝ፤ «እኔን እኮ ነው።»