ቁሞ አዳሪ ሲቀመጥ

በእኛ በጉና ሥር ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማለት መቆም ነው። ማኅሌት ይቆማል፣ ኪዳን ይቆማል፣ ቅዳሴ ይቆማል። በዘመነ ጽጌማ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ቅዳሜ ማታ የተጀመረ ማኅሌት ለእሑድ ሲነጋ፣ በዚያ በደብረ ታቦር ብርድ መቋሚያውን ተደግፎ የሚያነጋ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ብርቅ አይደለም። ይህንኑ ሽማግሌ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ወስዳችሁ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ሪፖርት አሰሙት። ረፋድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ዓይኑ ባይከደን ምን አለ በሉኝ።

ይህን ያየሁት የምእመናን ተወካይ ሆኜ ለአጠቃላይ ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጉባኤው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ የቅዱስ ሲኖዶስ ምልዓተ ጉባኤ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ፣ በመንበረ ፓትርያርክ ጠቅላይ ቤተ ክህነት አዳራሽ ይካሄዳል። ከየሀገረ ስብከቱ ሊቃነ ጳጳሳቱ፣ ሥራ አስኪያጆቹ፣ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮች ይመጣሉ። እንደ እኔ ያለው ተራ ምእመን በሰበካ ጉባኤ ወንበር ያገኘው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው። ከዚያ በፊት ድርሻችን በአብዛኛው ማስቀደስና መስጠት ነበር። አሁን ማስቀደስ፣ መስጠትና መሰብሰብ ሆኗል።

በር ላይ ስም የሚመዘግበው ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። ከፊቴ የተሰለፉት መልአከ ሰላም፣ ሊቀ ኅሩያን፣ መጋቤ ሐዲስ እያሉ አለፉ። ተራዬ ደረሰ።

«ማዕረግዎ?»

«አቶ።»

«ሌላ የለዎትም?» አለ እንዳያስከፋኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መምህር ነኝ።»

ፊቱ በራ፤ እስክሪብቶውንም አነሣ። «የድጓ ነው የቅኔ?»

«የሂሳብ።»

«አቶ» ብሎ ጻፈ።

አዳራሽ ገብቼ ከጋይንት የመጡ አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር አጠገብ ተቀመጥኩ። የኔታ ከጋቢያቸው በላይ ሌላ ጋቢ ደርበዋል። መቋሚያቸውን መጀመሪያ በወንበሩ ክንድ ላይ አጋደሙት፤ ተንሸራትቶ ወደቀ። ከወንበሩ ሥር ከተቱት፤ የፊተኛውን ቄስ ተረከዝ ነካ። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ተቀመጡ። ጸሎቱ ቆመን የተደረሰ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ከሁላችንም ጠንካራው እሳቸው ነበሩ። ቅዱስ ፓትርያርኩ ቃለ በረከት ሲያሰሙም አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ከዚያ ሪፖርት ተጀመረ።

ሪፖርት እንደምታውቁት በቁጥር የተሞላ ነው። የተጠመቀው፣ የታነጸው፣ የተተከለው ችግኝ፣ የገባው ፐርሰንት። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ በደስታ ሰከርኩ፤ የጥራዙ ኅዳግ ላይ በእርሳስ እየደመርኩ ቀጠልኩ። የኔታ ግን ዓይናቸው ተከድኗል። አንገታቸው ቀስ እያለ ወደ መቋሚያው አዘነበለ። ልቀስቅሳቸው ወይስ ልተዋቸው እያልኩ ሳመነታ፣ አንባቢው ከሪፖርቱ መሐል አንድ የግእዝ ጥቅስ ጠቀሰና ወዳቂውን ቃል ተነሽ አድርጎ አነበበው።

«ወዳቂ ነው!» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሦስት ረድፍ ሙሉ ዞሮ አየን።

«የኔታ፣ አልተኙም ነበር እንዴ?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ቁጥሩን ላንተ ትቼልህ ነው ልጄ። አንተ ድምሩን ጠብቅ፣ እኔ ንባቡን።»

እውነት ለመናገር ከዚያ የተሻለ የሥራ ክፍፍል በየትኛውም ስብሰባ አላጋጠመኝም። የቀድሞ ጉባኤ እንዲህ አልነበረም። ደብረ ታቦርን መናገሻ ካደረጉት ነገሥታት አንዱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን በክርስቶስ ልደት ጉዳይ ሲያከራክሩ ሪፖርት የሚባል ነገር የለም። የተረታው ወገን እምነቱን እንዲለውጥ ይገደድ ነበርና፣ እዚያ ማን ደፍሮ ያንቀላፋል?

ለሻይ ስንወጣ ከጎጃም የመጡ ባለቅኔ የቅኔ ቤቱን የዋሸራን ነገር አነሡ። የኔታ ደግሞ ከድጓው ምስክር ቤት ከቤተልሔም ገብቶ ያላስመሰከረ ሰው ድጓ አወቅሁ አይበል አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ሞቀ። ጉባኤው ውስጥ እጅ አውጥቶ የማያውቅ ሁሉ እዚያ ተናገረ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ምሳ ላይ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጾመ ጽጌ ደግሞ የፈቃድ ጾም ነው፤ የጾመ ይጾማል፣ ያልጾመ አይወቀስም። አምስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ምግብ ቤት ገብተን ስድስት ሆነን ከበብን። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ጥብስ በሸክላ እየጮኸ ነው።

«የጾም ነው የፍስክ?» አለች አስተናጋጇ።

ዝም። አንዱ ጣሪያውን አየ፤ አንዱ ባጁን አስተካከለ። መቼም የጽጌ ጾም ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው ከየኔታ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ነው።

«ለእኔ ሽሮ» አሉ የኔታ።

«ሽሮ»፣ «ሽሮ»፣ «ለእኔም ሽሮ» ተባለ በየተራ፣ እንደ ማኅሌት ቅብብል። በልተን ስንጨርስ የኔታ ዙሪያውን አዩንና፣ «እኔስ ጥርስ የለኝ፤ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ የእኛ ሀገረ ስብከት ተራ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ወደ መድረኩ ሲወጡ የኔታም ተነሡ። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው፣ ልክ እንደ ጽጌ ሌሊት፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ «አባታችን፣ ይቀመጡ እንጂ» የሚል ድምፅ መጣ።

«የአገሬን ቤተ ክርስቲያን ነገር ተቀምጬ አልሰማም» አሉ። ሪፖርቱ እስኪያልቅም አልተቀመጡም፤ ዓይናቸውንም አልከደኑም። እኔም አብሬ ልቁም ብዬ ነበር፤ ግን ድምሩ አልተጠናቀቀም።

ደብረ ታቦር ስመለስ ጥራዙን በብብቴ ይዤ፣ ስለ ፐርሰንቱም ስለ ውሳኔውም ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን አበሏችሁ?» ብሎ ነው። በመጪው ጥቅምት የምትወከሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ጋቢም መቋሚያም ያዙ፤ ምሳ ምን እንደምታዝዙ ግን ገና በር ላይ ሳላችሁ ተመካከሩ።