አሻንጉሊት አይፈላም

«ሽበት አብቅለህ በአሻንጉሊት ባቡር?» ላልከኝ ወንድሜ፦ አሻንጉሊት አይፈላም፤ ይህ ይፈላል። አሻንጉሊት ዘይት አይጠጣም፣ ውሃ አይጠማውም፣ ጣት አይለበልብም። ጓሮዬ ውስጥ ሐዲድ ላይ ቆሞ ያየኸው፣ ርዝመቱ ከክንድ የማያልፈው ነገር፣ የመዳብ ማፍያ ጋን አለው። በጋኑ ሆድ ውስጥ እሳት ያልፋል። ከሥሩ ሲሊንደር፣ ፒስተንና ቫልቭ አሉት። ባትሪ ፍለጋ ብትገለብጠው የሚጠብቅህ የፈላ ውሃ ነው።

«ይሁን፤ ግን ያው ሞዴል እንጂ ባቡር አይደለም» ብለህ ደግሞ ጨመርክ። ማን ቀድሞ እንደመጣ ብታውቅ እንዲህ አትልም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ።) ዊልያም መርዶክ የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በ1784 ገደማ፣ ኮርንዎል ውስጥ ሬድሩት በምትባል ከተማ፣ በስፒሪት መብራት የምትፈላ ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ የእንፋሎት ጋሪ ሠርቶ አስኬደ። አንድ ምሽት በቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ሲሞክራት አምልጣው ሮጠች፤ የሰፈሩ ቄስም በጨለማው እሳት ይዛ ስትመጣባቸው አይተው «ሰይጣን መጣ!» ብለው ጮኹ ይባላል። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በዌልስ፣ ፔኒዳረን ላይ፣ ትልቁን የእንፋሎት ባቡር በሐዲድ ያስኬደው ከዚያ 20 ዓመት ቆይቶ በ1804 ነው። እሱም ቢሆን ትልቁን ከመሥራቱ በፊት በትንንሾቹ ነበር የሞከረው። ስለዚህ ታላቅና ታናሽ ከተባለ ታላቁ ጓሮ ያለው ነው። የመርዶክ ጋሪ ዛሬም በርሚንግሃም ሙዚየም ውስጥ አለች፤ ሄደህ ፊት ለፊቷ «አሻንጉሊት» በላት።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ በትሕትና ነው የሚተርበኝ። «ጋሼ፣ ኤሌክትሪኩ እያለልዎት ምን አደከመዎት? ቁልፍ መጫን ብቻ እኮ ነው!»

ቁልፍ መጫን ካማረኝ የሳሎኑ መብራት አለልኝ፣ ልጄ። ይልቅ ና፣ አጠገቤ ቁጭ በልና እየው። መጀመሪያ ውሃ እንሞላለን። ከቧንቧ አይቀዳም፤ የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፣ ኖራውም ጋኑ ውስጥ ጋግሮ ይቀራል። የተጣራ የዝናብ ውሃ ወይም ተኖ የተጠራቀመ ውሃ ነው የሚሆነው። ለባትሪ የሚሸጠውን ሁሉ እንዳታፈስበት፤ ማዕድኑ በኬሚካል የተነጠቀው ዓይነት ውሃ ናሱን እየበላ ያዳክመዋል።

ቀጥሎ ዘይት። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ እኔ ከዚህ ማሽን አካል ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህችን የዘይት ዕቃ ነው። ከአውራ ጣት የማትበልጥ ክዳን ያላት ጣሳ ናት። ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው የእንፋሎት ቱቦ በውስጧ ያልፋል፤ ቱቦው ላይ በመርፌ ጫፍ ልክ የተበሳች ቀዳዳ አለች። ትንሽ እንፋሎት በቀዳዳዋ ይገባና ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሆናል። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ይሰምጣል። የሰመጠው ውሃ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዘይቱም በዚያችው ቀዳዳ ወጥቶ እንፋሎቱን ተከትሎ ሲሊንደር ይገባል። ፓምፕ የለ፣ የሚዞር ነገር የለ፣ ሽቦ የለ። ባቡሩ ሲቆም ያን የተጠራቀመ ውሃ በስሪንጅ መጥጠህ ታወጣና በቦታው አዲስ ዘይት ትሞላለህ። ዘይቱም የመኪና ሞተር ዘይት አይደለም፤ ለእንፋሎት ሙቀት የተዘጋጀ፣ ከማር የማይተናነስ ወፍራም ዘይት ነው።

አሁን ጋዙን ትንሽ ከፍተን ክብሪቱን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ እንይዛለን። እሳቱ «ፑፍ» ብሎ በቱቦው ወደ ውስጥ ይዘልና ማቃጠያው ላይ ይቀመጣል። ጆሮህን አቅርብ፤ ለስለስ ያለ «እፍፍ» ከሰማህ እሳቱ ደህና ነው፤ ከጮኸ ጋዙ በዝቶበታል። ጥቂት ደቂቃ ነው የምንጠብቀው። የግፊት መለኪያው መርፌ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይነሣል። እንፋሎቱን ስትለቅለት ባቡሩ ወዲያው አይሄድም። ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የገባው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ሆኗል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅምና ፒስተኑን ይይዘዋል። በእጅህ ወደፊትም ወደኋላም ገፋ ገፋ ታደርገዋለህ። ጭስ ማውጫው የፈላ ውሃ ይተፋል፤ ፊትህን አርቅ! አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ጉሮሮው ይጸዳና በራሱ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ይህን ሁሉ አያደርግልህም፣ ልጄ። ይህ ሁሉ ነው ደስታው።

የባለቤቴ ወንድም ከሩቅ፣ ከበሩ ሳይወጣ፦ «አንተ ሰው፣ ፈንድቶ ይገድልሃል!»

መኪናህ ገድሎህ ያውቃል? ጎሚስታው «ስንት ላድርገው?» ሲልህ 35 ትለዋለህ፤ የኔው ባቡር በዚያው መለኪያ 40 ላይ ነው የሚሠራው። ያንተ ጎማ ጎማ ነው፤ የኔ ጋን በብር ብየዳ የተያያዘ መዳብ ነው፤ ከፋብሪካ ሳይወጣ በሥራው ግፊት እጥፍ ተፈትኗል። ግፊቱ ካለፈም የደኅንነት ቫልቩ ራሱ ከፍቶ ያስተነፍሰዋል። የጋዝ ጋኑም የተለካው ነዳጁ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ነው፤ ውሃ የሌለው ጋን ሥር እሳት እንዳይቆይ። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይሮጣል፣ ጋዙ ያልቃል፣ ይቆማል። ፍራቻህ ግን መሠረት የለውም አልልህም፤ ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል፣ ሕፃን ብቻውን አይነካውም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው፣ በር ሥር መደበቅ አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ብዙ ሰው «ትልቁን ማሳነስ ምን ያቅታል?» ይላል። ያቅታል! ማንኛውንም ባቡር በግማሽ ብታሳንሰው የጋኑ ገላ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የሚይዘው ውሃ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ትንሹ ካለችው ሙቀት ላይ ትልቁ ከሚያጣው እጅግ የበለጠ ያጣል። የትልቁን ንድፍ እንዳለ ብታሳንሰው ቱቦዎቹ ጠብበው እሳት አያሳልፉም። ትንሹን የሚሠራ ሰው እንደ አዲስ ማሰብ አለበት።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በዚህ ጉዳይ የጦፈ ክርክር ነበር፤ ዛሬም «የቦይለሮች ጦርነት» እየተባለ ይወሳል። ሄንሪ ግሪንሊ የተባለው ስመ ጥር የሞዴል ባቡር ነዳፊ በአንድ ወገን ቆመ። በሌላው ወገን «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ሊልያን ሎረንስ ነበር። ጥያቄው፦ የሐዲዱ ስፋት 63.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ እንደ ትልቁ ከሰል የሚነድበት ትንሽ ባቡር በእርግጥ ይሠራል ወይ? ሎረንስ በቃል አልመለሰም። «አየሻ» ብሎ የሰየማትን ባቡር አምጥቶ ከሰል ለኮሰባት፤ ትልቅ ሰው አስቀምጣ ጎተተች። ከዚያ ወዲያ «ሞዴል ኢንጂነር» በተባለው መጽሔት ላይ ለአስርት ዓመታት ጻፈ፤ አንባቢው በቤቱ መሣሪያ እንዴት አድርጎ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አስተማረ። ተረብ ይህ ነው! መልሱ ራሱ ተሳፋሪ ይጎትታል።

«በዚህ ገንዘብ መሬት ይገዛበት ነበር» የምትሉኝ ዘመዶቼ፣ ዋጋውን አልክድም። ዶንካስተር ከተማ፣ በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የከነፈው ማላርድ በተሠራበት ከተማ፣ ራውንድሃውስ የሚባል ድርጅት ከ1982 ጀምሮ የጓሮ ባቡር ይሠራል፤ አብዛኞቹ ከሺህ ፓውንድ በላይ ናቸው። የጃፓኑ አስተር፣ በ1975 በእንግሊዙ «ስኩልስ» ባቡር የጀመረው፣ ከዚያም ይብሳል። ገንዘብ ለሌለው ግን የእንግሊዙ ማሞድ አለ፤ ያገለገለ ተገዝቶ፣ በእንክብል ነዳጅ እየነደደ፣ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ሲሊንደሩ ይንከላወሳል። ብዙዎች በእሱ ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት።

እኔን የሚያናድደኝ ዋጋው አይደለም። ገዝቶ በመስታወት ቁም ሳጥን የሚቆልፈው ሰብሳቢ ነው። «እሳት ነክቶት አያውቅም» ብሎ ይኩራራል፤ ዋጋውም በዚያው ይጨምርለታል። ወንድሜ፣ እሳት ያልነካውን ባቡር ምን ይሉታል? ላስቲክ ማሸጊያዎቹ እየደረቁ፣ ቫልቮቹ እየተጣበቁ፣ ሠሪው የደከመበት ሁሉ ሳይታይ ይቀራል። ሰብስብ፣ ነገር ግን ለኩስ። ቀለሙ ጭስ ማውጫው አካባቢ ቢጠቁር ደግ አደረገ።

አሁን ወደ ትልቁ ተረብ። «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» አለ የባለቤቴ ወንድም፣ አሁን በሩን አልፎ። «ደግሞስ ክቡን ሲዞር ውሎ የት ሊደርስ ነው?»

እኔ ሳልመልስ ድሬዳዋ ያደጉት እትዬ ቀደሙኝ፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። «አንተ ጠዋት ወጥተህ ማታ እዚሁ የምትመለሰው የት ልትደርስ ነው?»

የቀረውን እኔ ልጨምርለት። የጓሮዬ ሐዲድ ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው። የጀርመኑ ኤል ጂ ቢ ከ1968 ጀምሮ ይህንኑ ሐዲድ ሲያስለምድ የባቡሮቹ መጠን ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ ነበር። 45ን በ22.5 አባዛው፤ አንድ ሜትር ከጥቂት ትርፍ ይመጣል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የማን ነው? በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የኛው ባቡር ሐዲድ ነው። በ1950ዎቹ ዲዝል እስኪተካው ድረስ ያን በረሃና ያን ዳገት የወጣው በእንፋሎት ነው። እንግሊዞች የትንንሽ መስመሮቻቸውን ባቡር በየጓሮው ሕያው አድርገው አቆይተዋል፤ የኛን ማን ያቆይልን? ለገሃር የገባው ባቡር፣ ከኋላው ፉርጎዎቹን አስከትሎ፣ በዚህ ሐዲድ ላይ ልኩን ጠብቆ መሄድ ይችላል። ከአሮጌ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚሠራው ቆራጭና በያጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለቱንም ዓይነት ባለሙያ ድሬዳዋ ስታፈራ ኖራለች።

«አዲስ አበባ ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ጉልበት አይኖረውም» እንዳትለኝ ደግሞ። ክፍት ድስት እዚያ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ልክ ነህ። የተዘጋ ጋን ግን ግፊቱ 40 ሲደርስ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ይጠጋል፣ እንጦጦ ሥር ሆነ ዶንካስተር። እንዲያውም እዚህ ብርድ አገር ነው የምንቸገረው፤ ቡቴን ጋዝ ከዜሮ በታች መትነን እምቢ ይላልና በብርዱ ወራት ፕሮፔን እንቀይጥበታለን።

«እሺ በቃ፣ ስታስነሣው ጥራኝ» አለ።

ምን ልጥራህ፣ መርፌው 40 ላይ ነው፤ እግርህን ከሐዲዱ አንሣ!