ኢስታንቡል የሄድኩት በኪሎ ነው

ሰው ሁሉ «ታድለህ» ይለኛል። ከተማችን ተጂ ላይ ከባጃጅ ሹፌሩ እስከ ንስሐ አባቴ ድረስ «ታድለህ፣ ኢስታንቡልን አየህ» የማይለኝ የለም። ምን እንዳየሁ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ተጠይቆ መናገር ከየት ይመጣል።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። መርካቶ የልብስ ሱቅ አላት፤ ዕቃዋን የምታስመጣው ከቱርክ ነው። «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከተጂ እህል በረንዳ፣ ከእህል በረንዳ ተጂ ስትመላለስ ኖርክ። አሁን እንኳ ዓለም እይ» አለችኝ። መመላለሱ እውነት ነው፤ ጥርሴን የነቀልኩት የበቾን ማኛ በመጫን ነው። ግን ዓለም ማየት ያማረኝ መቼ ነው? እኔ ያማረኝ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን መኪና ማማት ነበር።

ገና ከአገር ሳልወጣ ተዋረድኩ። ለቪዛው «ተመልሰው ለመምጣትዎ ማስረጃ» ተባልኩ። የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጅ ደብዳቤ፣ ፎቶ በነጭ መደብ። እኔ ተጂ ላይ ቤት ያለኝ፣ የሚታለቡ ላሞች ያሉኝ፣ ከዕድር የማልቀር ሰው፣ ኢስታንቡል ቀርቼ ምን ልሠራ? ማን ሊቀብረኝ?

ከአውሮፕላን ከወረድን በኋላ ደግሞ እግር አለቀ። አዲስ የሠሩት ኤርፖርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቆ በሚቀጥለው ዓመት የድሮውን መንገደኛ ሁሉ ወደዚያ አዛውረውታል። ስፋቱን ለመናገር አልችልም፤ ከሚሄደው ምንጣፍ ላይ ወርጄ ሌላ የሚሄድ ምንጣፍ ላይ እወጣለሁ፣ ፓስፖርት የሚታይበት ግን አይመጣም። ጊዜው የነቢያት ጾም ነበርና በባዶ ሆድ ነው የምራመደው። ብርዱ ደግሞ የእኛ የኅዳር ብርድ አይደለም፤ ከባሕር ላይ ተነሥቶ አጥንት ይፈልጋል።

ከተማውን አልዋሽም፤ ያምራል። የማያምረው ዳገቱ ነው። ታሪካዊ ከተማ የሚባለው ሁሉ ለምን ዳገት ላይ እንደሚሠራ የሚያስረዳኝ ባገኝ። እኛ በቾ ላይ ሜዳውን ይዘን ታሪክ የለሽ ቀረን ማለት ነው? ድመቱስ! ሻይ ቤት ገብቼ ያለችውን አንድ ወንበር ድመት ይዛታለች። አስነሣለሁ ስል አስተናጋጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ እንዳትቀሰቀስ። ሽበቴን አይቶ ለእኔ ያልተነሣ ሰው ለድመት ዝም አስባለኝ።

ፈረንጅ መሆኔን ያወቅሁት ግን አያ ሶፊያ በር ላይ ነው። ለውጭ አገር ጎብኚ መግቢያው 25 ዩሮ። በብር ስትመታው ከ3 ሺህ በላይ ነው፤ ብሩ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሒሳብ የምሠራው ተቀምጬ ነው። ላሊበላ ለፈረንጅ 50 ዶላር ያስከፍላል ሲሉ «እሰይ፣ ይክፈሉ፣ ምን አለባቸው» እል የነበርኩት እኔ ነኝ። ለሶላት የሚገባው በሌላ በር በነፃ ያልፋል። እኔ ከጃፓኖቹ ጋር ተሰለፍኩ።

ወደ ላይኛው ፎቅ አወጡን፤ ቁልቁል ማየት ነው። ንጉሡ ዮስጢንያኖስ ያንን ሁሉ ያሠራው እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 ባለው ጊዜ ነው። አምስት ዓመት! እኛ ሰፈር የተቆፈረ የውሃ መውረጃ አለ፤ መቼ እንደተቆፈረ የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1453 ቱርኮች ከተማዋን ሲይዙ መስጊድ ሆነ፤ በ1930ዎቹ ሙዚየም ተባለ፤ በ2020 እንደገና መስጊድ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ይህን ሁሉ አይተው ዝም ብለዋል፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም።

ምክንያቱም ይኸው ዮስጢንያኖስ የእኛን አፄ ካሌብን ያውቀዋል። አንድ የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፎታል። ዮስጢንያኖስ ከፋርስ ጋር ተጣልቶ ነበርና መልእክተኛ ወደ አክሱም ላከ፤ «ሐሩን ከህንድ እናንተ እየገዛችሁ ለእኛ ሽጡልን፣ እናንተም ታተርፋላችሁ፣ እኛም ለጠላታችን ገንዘብ አንከፍልም» አለ። ካሌብም እሺ አለ። ግን አልሆነም። የህንድ መርከብ የሚደርስበት ወደብ ላይ የፋርስ ነጋዴዎች አስቀድመው ቁጭ ብለው ጭነቱን እንዳለ ይጠቀልሉት ነበር። በቃ፣ ደላላ ቀደመን! ይህን ለልጄ ስነግራት «አባዬ፣ እኔም ዘንድሮ ጃኬቱን ሌሎች ቀድመው ጠቀለሉብኝ» ብላ አዘነች። ለካሌብ ግን አላዘነችም።

ከደጁ ወጣ ስንል ሜዳው ላይ ሐውልት ቆሟል። ጽሕፈቱ ወፍ፣ ዓይን፣ እባብ ነው፤ የግብፅ። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. በ390 ነው ያቆመው። የእኛን የአክሱምን ሐውልት፣ 24 ሜትሩን፣ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዶ በ2005 እስኪመልስ ስንት ጮኽን። ይህኛው ከ1,600 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆሞ ማንም «መልሱ» ሲል አልሰማሁም። ግብፆቹን ባገኝ አንዳንድ ነገር እመክራቸው ነበር፤ ግን የዓባይን ነገር ያነሡብኛል ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፤ ሆዴን ያሳረረው እሱ ነው።

ካፓሊ ቻርሺ ይሉታል፣ ጣሪያ ያለው ገበያ። ከተማዋን የያዘው ሱልጣን መሐመድ ያስጀመረው ነው። ከ60 በላይ መንገድ፣ ወደ 4 ሺህ ሱቅ በአንድ ጣሪያ ሥር። እሁድ ይዘጋል፤ ይህን ወድጄለታለሁ። ምንጣፍ ባለሱቁ ገና ሳንቀመጥ ሻይ አመጣ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የሻይን ሥራ አውቃለሁ፤ የሰው ሻይ ከጠጣህ በኋላ «ቀንስ» ለማለት አንደበት ይከብዳል። እንቢ አልኩ። «ነውር ነው፣ አባዬ» ብላ ልጄ ተቆጣችኝ። ነውርስ መጀመሪያ በጠሩት ዋጋ መግዛት ነው።

ከዚያ ወደ ቅመም ገበያው፣ የግብፅ ገበያ ወደሚሉት ወረድን። በርበሬ ተከምሯል፣ እርድ ተከምሯል፣ ጥቁር አዝሙድ ተከምሯል። ሰውም ተከምሯል፤ ሁሉም ፎቶ ያነሣል። ከመሐላቸው አማርኛ የሚያወሩ ወጣቶች ሰማሁ። አንዷ ከበርበሬው ክምር አጠገብ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትነሣለች፤ «ሽታው ራሱ ታሪክ ታሪክ ይላል» ትላለች። አንቺ ልጅ! መርካቶ በርበሬ ተራ ስታልፊ አፍንጫሽን በሻሽሽ የምትሸፍኚ አንቺ አይደለሽም? የተጂ ገበያ ላይስ ቅመም ዘርግተው የሚውሉትን እናቶች «ትንሽ ጠጋ በሉ፣ መኪና ላሳልፍ» ትሏቸው የለም?

ይህን በሆዴ እያልኩ አንዱ ሻጭ እጄን ያዘና «ቅመስ፣ ቅመስ» አለኝ። አየሁት። ሽምብራ ቆሎ ነው!

እኔን፣ የበቾን ሰው! ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከኮትቻው ሲሸሽ፣ በቀረችው እርጥበት ብቻ ሽምብራ የሚያበቅል አገር ሰው! በየዓመቱ የጅማ መንገደኛ እሸቱን በመስኮት ገዝቶ ልጣጩን አስፋልታችን ላይ እየበተነ የሚያልፍብን ሰዎች! ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እንደ ሙያዬ አየሁት። አንድ እፍኝ ዘገንኩ፣ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት፣ በአውራ ጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ ነቀዝ ፈለግሁ። እፍ አልኩበት፤ ብናኝ የለውም። አንዷን በቀረችኝ መንጋጋ ሰበርኳት። ልጣጩ ተገፏል፣ እሳቱ በልኩ ነው፣ ሰበር ስትደረግ ዱቄት ሆና ነው የምትቀረው። ሙያቸውን አልክድም። ሻጩ ግን በእፍታዬ ደንግጦ ክዳን ፈለገ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ እኔ ደነገጥኩ፤ በዚያ ዋጋ እኛ ዘንድ ኩንታሉ ይነሣል ባልልም፣ ጆንያው ይንቀሳቀሳል።

ቡናውስ? ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1557 የያዘው የቱርኩ ኦዝደሚር ፓሻ ቡናን ለሱልጣኑ ያስተዋወቀ እሱ ነው የሚሉ አሉ። ወደቡንም ቡናውንም ወሰደ ማለት ነው። ይሁን። በትንሽ ሲኒ፣ አተላውን ከነነፍሱ አቀረቡልኝ። ጭስ የለ፣ ቄጤማ የለ፣ የሚመርቅ የለ። አቦሉን ጨርሼ ቶናውን ስጠብቅ ሒሳብ መጣ።

በነጋታው ልጄ ወደ ሥራዋ ወሰደችኝ፤ ሜርተር የሚባል የጅምላ ሰፈር። እዚያ ታሪክ የለም፣ መስታወትና ማኒኪን ነው። ከአረቡም፣ ከራሺያውም፣ ከእኛም አገር የመጣው ነጋዴ ያለው እዚያ ነው፤ ጎብኚ አይደርስበትም፣ እውነተኛው ገበያ ግን እሱ ነው። ብርዱ ስለጠናብኝ አንድ ሹራብ ልግዛ አልኩ፤ ቡናማ፣ ባለአንገት። «አንድ አንሸጥም» አሉኝ። የሚሸጡት በሰሪ ነው፤ አንድ ሰሪ ማለት አንዱ ቀለም በአምስት ልክ ታስሮ። ለአንድ ያረጀ ገላ አምስት ሹራብ! ተከራከርኩ፣ ሽበቴን አሳየሁ፣ ሳልኩላቸው። አልሰሙኝም። ልጄ ከፈለች።

ማታ ሆቴል ስንገባ ነገሩ ተገለጠልኝ። ከቦርሳዋ የእጅ ሚዛን አወጣች፤ ሻንጣ የሚንጠለጠልባት። የራሷን ሞላች፣ መዘነች። ከዚያ የእኔን ከፈተች። ጋቢዬን አወጣች። ውስጡን በሴት ጂንስ ሞላችው። ሁለተኛ ሻንጣ ደግሞ አዲስ ገዝታልኛለች፤ እሱንም ሞላችው። «23፣ 23። ያንተ 46 ኪሎ ነው አባዬ» አለችኝ ደስ ብሏት። ለካ ካርጎ ዕቃ የሚጭነው በኪሎ እያስከፈለ ነው፤ አባት ግን ከነትኬቱ ሁለት ሻንጣ በነፃ ያሳልፋል።

«ታዲያ ዓለም እይ ያልሽኝ?»

«አየህ አይደል?» አለችኝ።

አህያ እንኳ ጭነቷን ከመነሣቷ በፊት ታውቃለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እህል ስመዝን ኖሬ በመጨረሻ እኔ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ጋቢዬ «ይከብዳል» ተብሎ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ሹራቦቹ አልገባ ሲሉ ሁለቱን በላይ በላዩ ለበስኳቸው፤ ፍተሻው ላይ ጋቢውን ሲያስወልቁኝ ሹራብ፣ ሹራቡን ሲያስወልቁኝ ሌላ ያው ሹራብ። ፈታሿ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት።

ተጂ ስደርስ መካከለኛውን ለራሴ ይዤ አራቱን ለዕድር ጓደኞቼ ሰጠሁ፤ በዋጋው፣ አንድ ሳንቲም ሳላተርፍ። ልኩ ግን እንደ ሰው አልተከፋፈለም። ትልቁ ለቀጭኑ ደረሰው፣ ጉልበቱን ሸፈነው፤ ትንሹ ለዳኛችን ደረሰው፣ እምብርቱ ላይ ቀረ። ባለፈው ስብሰባ አምስታችንም ለብሰነው ተገናኘን። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ «ዩኒፎርም የተወሰነው መቼ ነው? ቃለ ጉባኤ ላይ የለም» አለ። ቀሪዎቹ አባላት ተነሡብን፤ በማኅበሩ ገንዘብ ተገዝቶ ለአምስት ሰው ብቻ ታደለ ብለው አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ። ኮሚቴው ተቋቁሟል። እኔን ሁለት ጊዜ ጠርተው ደረሰኝ አምጣ ብለውኛል። ደረሰኙ በቱርክኛ ነው። የአራቱን ሹራብ ሒሳብ ደግሞ እስካሁን የከፈለኝ የለም፤ ኮሚቴው ሳይወስን አንከፍልም ይላሉ።