ማንን አስፈቅደህ?

ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዲስ አበባን የዞረ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል፦ «ማንን አስፈቅደህ ነው?» ጠያቂው የግድ ፖሊስ አይደለም። ሊስትሮው ይጠይቃል፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ትጠይቃለች፣ ለራሱ ጉዳይ የሚጣደፍ መንገደኛ ሳይቀር ጉዳዩን አቁሞ ይጠይቃል። ስልክ አውጥታችሁ ያንኑ ቦታ ሲመሽም ሲነጋም ብታነሱ ግን ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና አካባቢዋን ማፍረስ በጀመረ ሰሞን፣ ተማሪ የለቀቀው አንድ የአራዳ ትምህርት ቤት አጥሩ ላይ ቀይ ኤክስ እንደተቀባ ሰማሁና ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። ስመ ጥሮቹ ትምህርት ቤቶች አልበም አያጡም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ንጉሥም እንግዳም እየጎበኘው ፎቶ ሲነሳ ኖሯል። ይህኛው የሚያውቀው ፎቶ ቢኖር ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፎርም ላይ የሚለጠፈውን ጉርድ ነው።

በሩ ላይ አንድ አዛውንት ዘበኛ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ስል ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ በሩ ተነቅሎ ተወስዷል።

«እንደምን አደሩ አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማንን አስፈቅደህ ነው?»

«ሊፈርስ ነው ቢሉኝ ለማስታወሻ ላነሳው ብዬ ነው።»

«ደብዳቤ አለህ?»

«ከማን ላምጣ አባባ? ዳይሬክተሩም መምህራኑም ተዛውረዋል።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ማህተም ያለው ግን ያስፈልጋል።»

«እርስዎ ይፍቀዱልኛ!»

«እኔ ማን ነኝና? እኔ ዘበኛ ነኝ።»

ተናድጄ ልመለስ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጀርባ በኩል አጥሩ ወድቋል። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች በዚያ ነው የሚገቡት።»

«በዚያ መግባት ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም። እኔ ግን ያለሁት እዚህ ነው።»

ዞሬ ገባሁ። አባባ ሜዳው መሃል ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። «እንኳን ደህና መጣህ!» አሉኝ፣ ገና አሁን እንዳዩኝ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ተቀባይ ሆኑ። ጣሪያው ተገፍፎ ሰማይ የሚያሳየውን ክፍል ከቁልፍ ዘለላ መርጠው ከፈቱልኝ፤ ስንወጣ መልሰው ቆለፉት። ግድግዳው ላይ አሥራ አራቱ ክፍለ ሀገራት የተሳሉበት ካርታ አለ፣ ኤርትራም በቦታዋ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ስትለይ ካርታውን ላድስ ያለ አልተገኘም፤ ልጆቹ ከመጽሐፉ አንዱን አገር፣ ከግድግዳው ሌላውን ሲማሩ ኖረዋል። እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ። አባባ ሰለቻቸው። «ጨጓራውን አታነሳም? የሱ ቀለም ይበልጣል» ብለው ወደ ቀጣዩ ግድግዳ፣ አንጀትና ጉበት በየቀለሙ ወደተዘረጋበት፣ ወሰዱኝ። እውነትም ይበልጣል።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ሕጉ ሕግ ከሆነ ቀዳዳውስ ለምን ይጠቆመኛል? እየቆየ ሲገባኝ፣ «ማንን አስፈቅደህ?» የምትለው ጥያቄ ሕግን አትፈልግም፤ የምትፈልገው ሰው ነው። ሰው ግቢ ስንሄድ አጥሩ ክፍት ቢሆንም ውጭ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፣ «እኔ ነኝ» ብለን እንመልሳለን። «እኔ ነኝ» ለማንም የሚነግረው ነገር የለም፤ ያለሱ ግን አይገባም። የካሜራ ሰው «ቤቶች» ሳይል ነው ሰተት የሚለው። ባለስልኩ ቢያንስ ዞሮ ራሱን ፎቶው ውስጥ ይጨምራል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ማን እንደሆነ ይታያል። ባለካሜራው ዓይኑን ሸፍኖ የሰው ያነሳል፣ ራሱ አይነሳም። ይህን ሁሉ አምኜም ቢሆን የማህተሙ ነገር ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ልወጣ ስል፣ «እኔንስ?» አሉ አባባ። አንድ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ራሳቸው ጎትተው ካርታው ፊት አመጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እስኪዘጋጁ እንዳላነሳ አስጠነቀቁ። በስልክ የሚላክ ሳይሆን ወረቀት ላይ የታተመ ነው የፈለጉት።

«የት ላምጣልዎት?»

«እዚሁ።»

«ሲፈርስስ?»

«ለሚሠራው ሕንፃ ዘበኛ አያስፈልገውም?»

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ልጅ ፎቶውን አየና አዘነልኝ። «ባክግራውንዱ ደስ አይልም፣ ልቀይርልህ?» አለኝ። መልሴንም ሳይጠብቅ ትምህርት ቤቱን ከነካርታው አጠፋና በምትኩ ፏፏቴ፣ ጽጌረዳና አንድ ነጭ ድልድይ አስገባ። ሁለቱንም አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አባባ የኔን ሥራ ጨረፍ አድርገው አዩና ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ፏፏቴውን ግን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው ሲያዩ ቆዩ።

«ፎቶ ማለት ይሄ ነው» አሉና የልጁ ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቁኝ።