በተዘዋዋሪ

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ጦማሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማኪያቶ የምጋብዘው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሂሳብ ልክፈል ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አስተናጋጇ ቀድማ «የእናንተማ ተዘግቷል» ትለኛለች። ማን ዘጋው? የካፌው ባለቤት። ለምን ዘጋው? እንጃ። «ከጽሑፍ ይህን ያህል ይገኛል እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው ወዳጄ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጽሑፉማ ሰባራ ሳንቲም አይገኝም። ገቢው በተዘዋዋሪ ነው።»

በተዘዋዋሪ! ተዘዋዋሪ ችሎት አውቃለሁ፤ ዳኛው ባለጉዳዩ ዘንድ ድረስ የሚሄድበት ነው። ተዘዋዋሪ ፈንድም ሰምቻለሁ፤ ብሩ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚገባ የማይታወቅበት ነው። ተዘዋዋሪ ጦማሪ ግን አዲስ ሆነብኝ። ወዳጄ በትዕግሥት አስረዳኝ። ጽሑፉ በነፃ ነው። ጸሐፊው አይከፈለውም፤ አንባቢውም አይከፍልም። በመጨረሻ ግን ጸሐፊው መኪና ይገዛል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሊቸገር አይገባም፤ ሰሙ ጽሑፉ ነው፣ ወርቁ ደግሞ ወርቅ ነው።

ቀጥተኛውን መንገድ ሳይሞክር ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 አድሴንስን ከጀመረ ወዲህ ጦማሪ ማለት በጽሑፉ ዳርና ዳር ማስታወቂያ ሰቅሎ፣ አንባቢ በነካው ቁጥር ሳንቲም ጠብ እስክትልለት የሚጠብቅ ሰው ሆነ። የተጠራቀመው 100 ዶላር ካልሞላ አይላክም። ወዳጄ በሁለት ዓመት 11 ዶላር ከምናምን አጠራቅሞ «ዕጣው የማይወጣ እቁብ ገባሁ» እያለ ያማርር ነበር፤ ዳኛው ካሊፎርኒያ፣ ጸሐፊው ካሊፎርኒያ፣ እቁብተኛው ብቻ ጉለሌ። ሲብስበት ዘመድ አዝማዱን አስተባብሮ፣ አክስቱን ሳይቀር፣ በቀን አሥር አሥር ጊዜ ማስታወቂያ ማስነካት ጀመረ። ካሊፎርኒያ ነቃ። እንዲህ ያለው ነገር በደንቡ ክልክል ነውና ሂሳቡ ከነ11 ዶላሩ ተዘጋ። አክስቱ እስከ ዛሬ «ያ ነገር ደረሰልህ ወይ፣ ልጄ?» ይሉታል።

«የውጭዎቹን እያቸው» አለኝ። አየኋቸው። አሜሪካዊቷ ሄዘር አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ መሥሪያ ቤቷ በጦማሯ ላይ ጽፋ ከሥራ ተባረረች፤ ይህ እንግዲህ በተዘዋዋሪ የተገኘ ስንብት ነው። ኋላ ግን ያው ጦማር ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሥራ ሆነላት። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ጁሊ ፓውል የምትባል የቢሮ ሠራተኛ የጁሊያ ቻይልድን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይዛ፣ በውስጡ ያሉትን 524 ምግቦች በ365 ቀን ሠርቼ እጨርሳለሁ ብላ ተነሣች፤ ማታ ማታ የገጠማትን ትጽፋለች። ጦማሯ በ2005 መጽሐፍ ሆነ፤ በ2009 ደግሞ ሜሪል ስትሪፕ የተጫወተችበት ፊልም። ይህም በተዘዋዋሪ ነው፤ አልክድም። ሐኪሙ ስለ ስኳር በሽታ ጽፎ ታካሚ ቢያገኝ፣ ጠበቃው ስለ ውርስ ጽፎ ባለጉዳይ ቢመጣለት ማን ይቀየማል? ሴትዮዋ ምግቡን ሠርታለች። ሽንኩርቱን የላጠችው ራሷ ናት፤ እንባውም የራሷ ነው። ወዳጄ ግን የወደደው እንባውን ነው። ሽንኩርቱን ዘለለው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላም ሞክሮ ነበር። ኬቨን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ስሌት አወጣ፦ ለአንድ ፈጣሪ ሰው 1,000 እውነተኛ ወዳጆች ይበቁታል፤ እያንዳንዱ በዓመት 100 ዶላር ቢያወጣለት 100,000 ዶላር ነው። ወዳጄ ስሌቱን በአማርኛ ሞከረው። ጽሑፎቹን ሰብስቦ መጽሐፍ አሳተመ፤ ወዳጆቹን በሙሉ ምረቃ ጠራ። መጡ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ተጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰ። ሲወጡ እያንዳንዱ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «የእኔን ፈርመህ አስቀምጥልኝ» አለው። በእኛ አገር እውነተኛ ወዳጅ ማለት መጽሐፍህን ገንዘብ ከፍሎ መግዛትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። እኔም የተፈረመበት አንድ ቅጂ አለኝ። አላነበብኩትም እንጂ።

ስለዚህ ወዳጄ ከአንባቢ ገንዘብ መጠበቁን ተወና አንባቢን ራሱን ለሚፈልጉ ሰዎች ማከራየት ጀመረ።

የመጀመሪያው ትምህርት የቃላት ነው። «ማስታወቂያ» አይባልም፤ «ትብብር» ነው። «ክፍያ» አይባልም፤ «ማበረታቻ» ነው። ፖስታ ከተሰጠህ «የትራንስፖርት» ነው፤ ከጎረቤት ሕንፃ በእግሩ ለመጣ ሰው እንኳ የትራንስፖርት ይሰጣል። ባለሀብቱ ልደቱን ሲያከብር ስለ ደግነቱ ሦስት ገጽ ከጻፍክ «ምስክርነት»። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት በነፃ ካሳደሩህ «ጉብኝት»፤ ቧንቧው ሙቅ ውኃ ከሌለው «ከተፈጥሮ ጋር የሚያስታርቅ ቀዝቃዛ ሻወር» ትላለህ፤ ያዘዝከው ዓሣ ሁለት ሰዓት ከቆየ «ጊዜ የቆመበት ሥፍራ»።

ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ግን ስለ እናቱ የጻፈው ነው። አንብቤው አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ጣራው የሚያፈስ አንድ ክፍል ቤት፤ ክረምት ሲገባ እናት ከየጥጉ ሳፋውን፣ ጣሳውን፣ ድስቱን ትደቅናለች፤ ልጆቹ ጠብታውን እየቆጠሩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እሷ ጋቢዋን ለልጆቹ አልብሳ በነጠላ ታድራለች። አንድ ሌሊት ትንሹ ልጅ ነቅቶ ሲያያት ዝናቡን በእጇ መዳፍ ስትቀበል ያገኛታል፤ ከእሱ ፊት ላይ እንዳይንጠባጠብ። እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅሁ። ቀጥሎ እናት ሞተች። መሐረብ አወጣሁ። ቀጥሎ የመጨረሻው አንቀጽ መጣ፦ «እናቴ ዛሬ በሕይወት ብትኖር 20 በመቶ ብቻ ቅድመ ክፍያ ፈጽማ፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ሊፍት፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተርና የራሱ የጉድጓድ ውኃ ያለው…» መሐረቡን መለስኩ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይደርቅ ስልክ ቁጥር ተሰጠኝ። ከሥሩ 4,000 ሰው «ነፍሳቸውን ይማር» ብሎ ነበር።

ነገሩ የገረመኝ እናቱን ስለማውቃቸው ነው። ደኅና ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ዶሮ አብልተውኛል፤ ጣራቸውም አያፈስም። ወዳጄን «ምነው?» ብለው ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። «እናቴማ ደኅና ናት፤ ጽሑፉ ላይ የሞተችው በተዘዋዋሪ ነው።»

በዚህ ሙያ ዳጎስ ያለው ገቢ የሚገኘው ግን ከተጻፈው አይደለም፤ ካልተጻፈው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጦማሪው አንድ ማለዳ በቁጣ ይነሣና «ክፍል አንድ» ብሎ ስለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ይጽፋል። ስም አይጠራም፤ አጥሩ ሰማያዊ ነው ይላል ብቻ። «በክፍል ሁለት ሰነዱን ይዘን እንመለሳለን። ሐሙስ ይቀጥላል።» ወላጅ ሁሉ ሐሙስን ይጠብቃል። ሐሙስ ይመጣል፤ ክፍል ሁለት አይመጣም። የመጣው የምሳ ግብዣ ነው። «ክፍል ሁለትስ?» የሚል አንባቢ ሲበዛ «እያጣራሁ ነው» የሚል አጭር መልስ ይለጠፋል። ሲያጣራ እኔም ተጋብዤ አይቼዋለሁ፤ በአዋዜ ነው የሚያጣራው። አማርኛ እንዲህ ያለ ክፍል ሁለት የሌለው ክፍል አንድ ስንቱን ተሸክሞ እንደሚኖር ቢቆጠር ራሱን የቻለ ቤተ መጻሕፍት ይወጣው ነበር። አያቶቻችን ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ የግራሙን ዋጋ አለማውጣታቸው ያሳዝናል።

ባለፈው ወር ደግሞ ሥልጠና ከፈተ። ሆቴል አዳራሽ፣ ሻይ ቡና፣ ባለ ወርቃማ ጠርዝ የምስክር ወረቀት፤ «ከጦማር በተዘዋዋሪ ገቢ የማግኘት ጥበብ»። የመመዝገቢያው 2,000 ብር ግን በተዘዋዋሪ አይደለም፤ በቀጥታ፣ በቅድሚያ፣ በቴሌብር። እኔ በወዳጅነት በነፃ ገባሁ (መጽሐፉንም እንዲሁ ነው የወሰድኩት ብያለሁ)። ስድሳ የሚሆኑ ወጣቶች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች፦ «ሥልጠናውን ስንጨርስ ገቢውን ከየት እንጀምር?» ወዳጄ ሳያመነታ መለሰ፦ «ከሥልጠና።»

ሌላው ደግሞ ከኋላ ተነሥቶ ስለ ዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ጠየቀ። ልጁ ያኔ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ከየት እንደሰማ እንጃ። ለማያውቀው፦ ስሙ ከቃሊቲ የተወሰደ ነው፤ ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው በሚል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሽብር ተከሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ፤ የከፊሎቹ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። እነሱ ከጦማር ያገኙት መኝታና ቀለብ ነው፤ ያውም በቀጥታ። ወዳጄ ጥያቄውን ጥቂት አሰበበትና «እነሱ የገበያ ጥናት አላደረጉም» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። ስላይዱ ስለ ሬስቶራንት መክፈቻ ነበር።

ሕጉንም ጠይቄዋለሁ፤ ጠያቂ አይጥፋ ብዬ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ስለ አንድ ዕቃ የሚጽፍ ጦማሪ ከሻጩ ገንዘብ ወይም ነፃ ዕቃ ተቀብሎ እንደሆነ ለአንባቢ እንዲናገር አዟል። በእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መገናኛ ብዙኃን ማስታወቂያን ከሌላው ዝግጅት ለይተው እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። «እኔ መገናኛ ብዙኃን አይደለሁም፤ ግለሰብ ነኝ» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለአንድ ስፖንሰር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «እኔ እኮ ከማንኛውም መገናኛ ብዙኃን በላይ ተደማጭ ነኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ደዋዩ ነው።

ማታ አዝማሪ ቤት ወሰደኝ። ሂሳባችን እዚያም «ተዘግቷል»። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ አንድ ደንደን ያሉ ሰውዬ ፊት ቆሞ ጀግንነታቸውን፣ ዘር ማንዘራቸውን፣ የጫማቸውን መወልወል ሳይቀር ያወድሳል። ሰውዬው ብድግ አሉና 200 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ቤቱ እልል አለ። ማን እንደሰጠ፣ ስንት እንደሰጠ፣ ለየትኛው ውዳሴ እንደሰጠ ሁላችንም አየን፤ ብሩ ላቡ ላይ ተጣብቆ ከነቁጥሩ ይነበባል።

ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። «ኋላ ቀር አሠራር። ሰው ሁሉ እያየው?»

አዝማሪው ወደ እኛ ዞረ። ግጥም ስጡኝ ማለቱ ነው። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ እኔ «ተቀበል!» አልኩ።

«ተናገር ጌታዬ!»

ቀን ጦማሪ ነበር፣ ማታ ጦም አዳሪ፣
ዛሬስ አለፈለት፣ በተዘዋዋሪ!

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዝማሪው ደጋግሞ አዜመው፤ ወዳጄም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ፤ እውነት ለመናገር ቂም አያውቅም። ዜማው ሲያልቅ አዝማሪው ጎንበስ ብሎ «የጌታዬን ስም ማን ብዬ ላንሣ?» አለው።

«ኧረ ስሜን አታንሣ!» አለ ወዳጄ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ። «ይልቅ ቪዲዮህን ነገ እለጥፍልሃለሁ። ሃያ ሺህ ሰው ያይሃል። በተዘዋዋሪ ትጠቀማለህ።»

አዝማሪው መሰንቆውን ዝቅ አደረገ። ግንባሩን በነጠላው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገና ወደ ወዳጄ አስጠግቶ ቆመ።