ኮርቻ ላይ ለመውጣት መሰላል

ቤትና ቢሮ ለመመላለስ ሱፐርሞቶ የሚባለውን ሞተርሳይክል እገዛለሁ ለሚል ሰው ምን ይባላል? ይቅናህ ነው እንጂ! ዘሩ ከትልቅ ቤት ነው፤ በፈረንጆቹ 1979 ካሊፎርኒያ፣ ካርልስባድ ላይ ለቴሌቪዥን ትርኢት ከተሰናዳ እሽቅድምድም ይወለዳል። አስፋልቱንም አፈሩንም በአንድ ሞተር የሚችል ጋላቢ ማን እንደሆነ ለመለየት ነበር ነገሩ። ከመገናኛ ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሒሳብ ሠራተኛ ይኸው ይበቃዋል፤ አስፋልቱ የት አልቆ ጭቃው የት እንደሚጀምር እዚያስ ማን አውቆ?

ሱዙኪ ዲአር-ዜድ 400 ኤስኤምን እንይ። የአገር አቋራጭ ሞተር ገላ ላይ 17 ኢንች የአስፋልት ጎማ። ኮርቻው ከመሬት 89 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። መብራት ሲይዝህ በአንድ እግር ጣትህ አስፋልቱን እየዳበስክ ትቆማለህ፤ ሌላው እግርህ አየር ላይ ነው፤ ፊትህ ግን ጀግና እንደመሰለ ይቆያል። ነዳጅ መያዣው 10 ሊትር ስለሆነ ማደያው ሰልፍ ላይ ወዳጅ አታጣም። ኮርቻው ቀጭን፣ ድንጋይ፤ እጮኛህ አንዴ ከተፈናጠጠችበት በኋላ ሚኒባስ ትወዳለች። ነፋስ መከለያ? ደረትህ ምን ሥራ አለው!

እውነቱን ለመናገር፣ ረጅሙ አሞርዛተር ጉድጓድ ውጦ ዝም ይላል፤ ሰፊው መሪም በመኪኖች መሀል ያሾልክሃል። አሹልኮ የት እንደሚያደርስህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ፈቃድ የሌለውን ሞተር ከልክላለች። ቀለሙን ግን ደማቅ አድርገው፤ ግቢ ቆሞም ያምራል።